ሰው ሁሉ በኢሞና በዋትስአፕ እየደወለ ነው፤ መደበኛ የስልክ ጥሪ ሊቀር ነው እንዴ? (ደሴ/ኮምቦልቻ)

ካርድ_ከፒያሳ

ሰላም ለቤቱ። ደሴ ፒያሳ ትንሽ የስልክ ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ቻርጀር፣ ከቨር፣ ማዳመጫ እሸጣለሁ፤ ሱቋን የሚያቆማት ግን ካርድ ነበር። ልጁ ሳዑዲ ወይም ቤሩት ያለችበት ሰው ባለ 100 ይገዛል፣ እዚያው ደጃፌ ላይ ፍቆ ይሞላል፣ «ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው» ብሎ ይጮኻል፣ ይዘጋል። ከወሬው ግማሹ ስለ ካርዱ ማለቅ ነበር።

አሁን የሚመጣብኝ ሰው ሌላ ነው የሚጠይቀኝ። «ኢሞ ጫንልኝ»፣ «ዋትስአፑ ኮድ አምጣ ይለኛል»፣ «ምስሏ ይታየኛል፣ ድምጿ አይሰማኝም»። ሠርቼለት «ስንት ነው?» ሲለኝ ምን እንደምለው ግራ ይገባኛል። አመስግኖ ይሄዳል።

እዚህ ቤት ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ልጠይቅ። እነዚህ የኢንተርኔት መደወያዎች የስልክ ኩባንያዎቹን እየጎዱ ነው ወይስ የተጎዳነው እኛ ብቻ ነን? ወደፊትስ ቁጥር መትቶ መደወል የሚባል ነገር ይኖራል? ሱቋን ወደ ምን ላዙራት የሚለው ነው የያዘኝ።

ቦርከና

ወንድማለም፣ ሁለት ነገር አደባለቅህ። የካርድ ንግድህን የወሰደው ቴሌብር ነው፣ ኢሞ አይደለም። ቴሌብር ግንቦት 2013 መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ አየር ሰዓት ይሞላል፣ ጥቅል ይገዛል። እኔ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች የሚፋቅ ካርድ በእጁ የያዘ ሰው ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ኢሞ ነገ ቢዘጋ እንኳ ፍቆ የሚሞላ ሰው ወደ ሱቅህ አይመለስም።

ካርድ_ከፒያሳ

ቴሌብርም አለበት፣ አልክድም። ግን በነሐሴ 2015 በክልሉ የሞባይል ዳታ የተቋረጠ ጊዜ ምን ሆነ? ለወራት ካርድ እንደገና ተሸጠ። ወደ ዓረብ አገር የሚደውሉ እናቶች እንደ ድሮው ተሰለፉ። ቴሌብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው በ*127# ይሞላ ነበር፤ እሱ ያለ ዳታም ይሠራል። መሙያ ስላጣ ሳይሆን መደወል ስለጀመረ ነው የመጣልኝ።

ቦርከና

እሺ፣ ይኼኛው ከብዶኛል። ኔትወርክ_ያዥ የት አለ? ይምጣና ይናገር።

ኔትወርክ_ያዥ

መጣሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና የያዘ ሰው ያንብበው።

መጀመሪያ፣ የአገር ውስጥ ጥሪና የውጭ ጥሪ ዕጣቸው አንድ አይደለም። ከባዱ ምት ያረፈው በውጭው ላይ ነው። አንዲት ልጅ ከሪያድ ወደ ኮምቦልቻ በመደበኛው መስመር ስትደውል ሒሳቡ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ የሳዑዲው ኩባንያ ከእሷ ያስከፍላል፤ ጥሪውን እዚህ ተቀብሎ እናቷ ስልክ ላይ ለሚያደርሰው ኩባንያ ደግሞ በደቂቃ ተሰልቶ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። የድሃ አገር የቴሌኮም ድርጅቶች ለአሥርት ዓመታት ጥሩ ገቢ ያገኙት ከዚህ ነው። ሰዉ ተሰድዶ ይደውላል፣ ደቂቃው ዶላር ይሆናል።

ልጅቷ በኢሞ ስትደውልስ? የሳዑዲው ኩባንያ ዳታ ሸጠላት፣ የእኛው ለእናቷ ዳታ ሸጠ። ሁለቱም የየራሳቸውን ሸጡ፤ በመካከል የነበረው የደቂቃ ሒሳብ ግን የለም። እናትየው ዳታውን የምትገዛው በብር ነው። ስለዚህ «ኩባንያው ዳታ ስለሸጠ ምንም አልጎደለበትም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ ብሩ ይተካል፣ ዶላሩ አይተካም።

ሁለተኛ፣ ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ስካይፕ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በ2011 ማይክሮሶፍት በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፣ በግንቦት 2025 ዘጋው። ለምን እንደሞተ ብዙ ይባላል። ለእኔ ዋናው ምክንያት ኮምፒውተር ላይ መወለዱ ነው፤ ስም ፈጥረህ፣ የይለፍ ቃል ይዘህ፣ ሰውየው መስመር ላይ መኖሩን ጠብቀህ ነው። ዋትስአፕ በ2009 ሲመጣ የስልክ ቁጥርህን ራሱን መታወቂያ አደረገው። ስልክህ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳትጠራው እዚያ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። በ2014 ፌስቡክ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ ገና ድምፅ እንኳ አልጀመረም ነበር፤ የድምፅ ጥሪ በ2015፣ ቪዲዮ በ2016 ተጨመረ። ቴሌግራምም በ2017 ተከተለ።

ልብ በሉ፣ ሁሉም የሚመዘገቡት በስልክ ቁጥር ነው። ኮዱ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው። ተቀናቃኛቸው በሰጠው ቁጥር ነው የሚኖሩት።

የሀረጎ_ሾፌር

እኔ ደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምሠራው። ይኼን ሁሉ አላውቅም፤ የማውቀው የሀረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ተሳፋሪው በዋትስአፕ እያወራ ከሆነ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ትሰሚኛለሽ?» ማለት ይጀምራል። በቀጥታ የደወለው ግን እየተቆራረጠም ቢሆን ኮምቦልቻ ይገባል። ለምንድነው?

ቦርከና

ጋሼ እርስዎ ራስዎ እየነዱ እንደማያወሩ ተስፋ አለኝ።

የሀረጎ_ሾፌር

ረዳቱ ነው የሚያነሳልኝ፣ አብሽር።

ኔትወርክ_ያዥ

የጋሼ ጥያቄ ጥሩ ነው፤ መደበኛው ጥሪ ለምን እስካሁን እንዳልሞተ የሚያሳየው እሱ ነው።

በ2ጂ እና በ3ጂ ሲደወል ኔትወርኩ ለዚያ ጥሪ ብቻ ቦታ ይይዝለታል፤ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ሰው አይነካውም። መኪናው ከአንዱ አንቴና ክልል ወደ ሌላው ሲያልፍም ጥሪው እንዲተላለፍ ተብሎ የተሠራ ነው። የመተግበሪያ ጥሪ ግን ለኔትወርኩ ተራ ዳታ ነው። ጎንህ የተቀመጠው ልጅ ቲክቶክ ቢከፍት ካንተ እኩል ይጋፋል። ተራራው ሲጋርድህና ስልኩ ከ4ጂ ወደ 2ጂ ሲወርድ ዳታው ቀጭን ይሆናል፤ ድምፁ ተቆራርጦ የሚላክባቸው እሽጎች ይዘገያሉ፣ የዘገየውን መተግበሪያው ይጥለዋል፤ «ሃሎ ሃሎ» የሚመጣው ያኔ ነው።

ሜዳ ላይ፣ ጥሩ ሲግናል ባለበት ደግሞ በተቃራኒው ነው። የ2ጂ ጥሪ ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ የሰው ድምፅ ከዚያ በላይም በታችም አለው። ዋትስአፕ ለዓመታት የተጠቀመበት ኦፐስ የተባለው የድምፅ መጭመቂያ መስመሩ ከፈቀደ ሰፊውን ድምፅ ያሳልፋል፣ መስመሩ ሲጠብ ደግሞ እስከ 6 ኪሎቢት በሰከንድ ድረስ ይወርዳል። ቤት ተቀምጠህ በዋይፋይ ስታወራ ሰውየው አጠገብህ ያለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጉዱ ግን ሌላ ነው። 4ጂ ለድምፅ የተለየ መንገድ የለውም። በ4ጂ ላይ የሚሄድ መደበኛ ጥሪ፣ ቮልቲኢ የሚሉት፣ ራሱ በኢንተርኔት ቋንቋ የሚሄድ ዳታ ነው፤ ልዩነቱ ኔትወርኩ «ይህ ድምፅ ነው፣ ይቅደም» ማለቱ ነው። ያ ካልተዘረጋ ስልክህ ስትደውል ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። እንግዲህ ካርድ_ከፒያሳ፣ «መደወል ይቀራል ወይ?» ላልከው፣ ቁጥሩን መምታት ይኖራል፤ ከውስጥ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት እየሆኑ ነው። ልዩነቱ ቅድሚያ የሚሰጠው ማን ነው፣ የሚያስከፍለውስ ማን ነው የሚለው ላይ ነው የሚቀረው።

እታለም_ሻርጃ

ሰላም ወገኖቼ። ካለሁበት ልጻፍ፤ እናንተ የምታወሩት ከዚያ ወገን ብቻ ሆነብኝ።

እዚህ ኢሚሬትስ በዋትስአፕ መጻፍ ይቻላል፣ መደወል ግን አይቻልም። ትደውያለሽ፣ ይጠራል፣ ያነሱታል፣ ድምፅ የለም። የተፈቀዱት እንደ ቦቲም ያሉ ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱንም ለመጠቀም ለዓመታት ከአገሩ ስልክ ኩባንያ የኢንተርኔት ጥሪ ጥቅል በየወሩ መግዛት ነበረብን። ስለዚህ «መተግበሪያ ኩባንያውን ገደለው» ስትሉ ሳቄ መጣ። እዚህ ኩባንያው መተግበሪያውን አስሮ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቲኬት ሲቆርጥ ነው ያየሁት። ሳዑዲ ያሉት እህቶቼ እስከ 2010 መስከረም (በእኛ አቆጣጠር) እንደዚሁ ነበሩ፤ ከዚያ መንግሥታቸው ከፈተው፣ ኢሞ ያኔ ነው ቤት የሆነው።

ደሞ እናቴ ደጋን ናት፤ ያላት በቁልፍ የሚነካ ኖርማል ስልክ ነው። በመተግበሪያ ላገኛት ስፈልግ የጎረቤት ልጅ ስልክ ይዞ እስኪመጣ ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት ከሆነ የለም፤ መጥቶም ዳታ የለውም፤ ዳታ ልኬለትም ልጁ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል። እናትና ልጅ ሰው ፊት ምን ያወራሉ? «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብቻ። የሆዴን መናገር ሲያምረኝ ውድም ቢሆን በቀጥታ ነው የምደውለው። ርካሹ ጥሪ ለኔ ምስጢር የለውም።

ቦርከና

እታለም፣ ከዚህ ክር ውስጥ ትልቁን ነገር አንቺ ተናገርሽ።

ሕግ_ዘ_ሆጤ

ስለ ሕጉ ማንም አላነሳም፤ ላንሳው። በእኛም አገር በኢንተርኔት መደወል ወንጀል የነበረበት ጊዜ አለ። በእኛ አቆጣጠር የ1994ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ (ቁጥር 281) በኢንተርኔት የድምፅም የፋክስም አገልግሎት መስጠትን ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ይከለክል ነበር። ያኔ ኢንተርኔት ካፌ ገብተው ጥግ ላይ በማዳመጫ የሚያንሾካሹኩ ሰዎች ትዝ የሚሏችሁ ካላችሁ፣ ፍቅረኛ ብቻ አልነበረም።

በ2004 ደግሞ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 761፣ ወጣ። «ስካይፕ የተጠቀመ 15 ዓመት ይታሰራል» ተብሎ በዓለም ዜና የተናፈሰው ያኔ ነው። መንግሥት ወዲያው «ዓላማችን ተራ ተጠቃሚ አይደለም፣ በኢንተርኔት ጥሪ እያስገባ የሚነግደው ነው» አለ። ሲታይም የዒላማው ልብ ሲም ቦክስ ነበር።

የሀረጎ_ሾፌር

ሲም ቦክስ ደግሞ ምንድነው?

ሕግ_ዘ_ሆጤ

ጋሼ፣ ወንድምዎ ከጅዳ ደውሎ ስልክዎ ላይ የ09 ቁጥር ወጥቶ አያውቅም? «መጣህ እንዴ?» ብለው ደንግጠው አያውቁም?

የሀረጎ_ሾፌር

ወላሂ ብዙ ጊዜ! የሰው ስልክ ነው እያልኩ አላነሳም ነበር።

ሕግ_ዘ_ሆጤ

እሱ ነው። ጥሪው ከጅዳ በኢንተርኔት ይመጣል፤ እዚህ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሲም ካርድ የተሰካበት ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ከአንዱ ሲም ላይ እንደ ተራ የአገር ውስጥ ጥሪ አድርጎ ለእርስዎ ይደውላል። ውጭ ያለው ደላላ ርካሽ ካርድ ይሸጣል፣ የሣጥኑ ባለቤት ድርሻውን ያገኛል፣ ኔትወርክ_ያዥ ያለው የዶላር ሒሳብ ግን ይዘለላል። ከኢሞ የሚለየው ይህ ነው፤ በኢሞ የሚደውለው ሰው ለዳታው ከፍሎ ይጠቀማል፣ ሲም ቦክስ ግን የውጭ ጥሪን የአገር ውስጥ አስመስሎ ያሳልፋል። አሁን ሕዝቡ ራሱ በነፃ ሲደውል የሣጥኑም ገበያ ይሳሳል፤ ወንጀሉን ከፖሊስ ይልቅ ኢሞ ሳይቀንሰው አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ግምቴ ነው።

ሐይቅ_ዳር

እኔ ደግሞ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንቴናውን ተራራ ላይ የሚተክለው፣ ጄነሬተሩን ነዳጅ የሚያጠጣው፣ ፋይበሩን የሚቀብረው ኩባንያው ነው። ዋትስአፕ ለጦሳ ተራራ አንቴና አንድ ሳንቲም አላዋጣም፣ ቢሊዮን የሚያገኘው ግን እሱ ነው። በነፃ ከሚጋልቡ ለምን አይከፍሉም? እኔ ብሆን ለኢንተርኔት ጥሪ የተለየ ታሪፍ አወጣ ነበር።

ኔትወርክ_ያዥ

ይኼን የሞከሩት አሉ፣ መጨረሻቸውንም እናውቃለን። ሆላንድ ውስጥ ኬፒኤን የተባለው ኩባንያ በ2011 (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) እንደዚሁ ለኢንተርኔት ጥሪና ለመልእክት መተግበሪያ ልዩ ክፍያ ሊጥል ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ፓርላማው ኩባንያዎች አንዱን ዳታ ከሌላው እንዳይለዩ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው። ሕንድ ውስጥ ኤርቴል በታኅሣሥ 2014 አስታወቀ፣ ጩኸቱ ሲበዛ በቀናት ውስጥ መለሰው። ሞሮኮ ውስጥ በ2016 መጀመሪያ ሦስቱም ኩባንያዎች የኢንተርኔት ጥሪን ዘጉ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተከፈተ።

የሻርጃዋ እህታችን ያለችበት አገር ግን ተሳክቶለታል፤ እዚያ ሕዝቡ ሊቆጣ የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው፣ አብዛኛው ደዋይም እንግዳ ሠራተኛ ነው።

«አላዋጡም» ላልከው ደግሞ፣ ሐይቅ_ዳር፣ ተገልብጦም እየው። ሰው ዳታ የሚገዛው ለምንድነው? ዋትስአፕ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም ስላለ ነው። እነሱ ባይኖሩ ጥቅሉን ማን ይገዛዋል? አንቴናው የቆመው በዚያ ብር ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄህን አልንቀውም፤ ታላላቆቹ የአውሮፓ ኩባንያዎችም ዛሬ ድረስ ያነሱታል። የእኔ ፍርድ፣ ልዩ ታሪፍ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ማርክ ዙከርበርግ ሳይሆን ደጋን ያሉት እናት ናቸው።

ሐይቅ_ዳር

አልተዋጠልኝም፤ ግን ደጋን ያሉትን እናት ካመጣህብኝ ምን እላለሁ።

ቦርከና

በእኛ በኩል ደሞ ከጥቅምት 2014 እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ መተግበሪያም መደበኛም አልሠራም፤ ያኔ ወሬ የሚመጣው በእግሩ በሸሸ ሰው ነው። በ2015ቱ ደግሞ ዳታው ሄዶ ድምፁ ቀረ። ለዚህ ነው እኔ ጥሪን በመተግበሪያ ብቻ ለመተካት የማልደፍረው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው «ዋትስአፕ አለ አይደል?» ሲለኝ ዝም እላለሁ። የወሎ ሰው ሁለቱንም ይዞ ነው የሚያድረው፤ ሰዉ ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ የሚወደውም ለዚህ ይመስለኛል።

ካርድ_ከፒያሳ

ሁለቱንም መያዝ ያልከው የኔን ሱቅ አበራልኝ። ሳስበው፣ ካርዱን ያሳጣኝ ኢሞ ቀፎ እያስሸጠኝ ነው። ባለፉት ዓመታት ኖርማል ስልክ ይዞ የነበረ ሰው ተች የገዛው ለጨዋታ አይደለም፤ ልጁን ለማየት ነው። ቴክኖ የመሳሰሉት አገር ውስጥ የሚገጣጠሙት ሲመጡ ደግሞ ዋጋው ቢያንስ ወደምንነካው ቀረበ፤ ብሩ ከተዳከመ ወዲህ እንደገና ሸሽቷል እንጂ። አዲስ መግዛት የከበደው ሰው ያገለገለ ይጠይቀኛል፣ የተሰበረ ስክሪን ያመጣል። የስክሪን ሥራ የሚያውቅ አንድ ልጅ ሙጋድ ሰፈር አለ፤ ጥግ ልሰጠው አስቤያለሁ።

መጫኑንና ማስተካከሉንም ከእንግዲህ በነፃ አልሠራም። ማፈሬን ትቼ ዋጋ ልጽፍበት ነው።

ሕግ_ዘ_ሆጤ

ዋጋ ጻፍበት። ግን የሰዎቹን ኮድና የይለፍ ቃል ደብተር ላይ አትመዝግብ፤ አንዳንድ ሱቅ እንዲህ ያደርጋል፣ ነገ አካውንታቸው ሲሰረቅ የምትጠየቀው አንተ ነህ።

ካርድ_ከፒያሳ

አልመዘግብም። እነሱው ናቸው «አንተው ያዝልኝ» የሚሉኝ።

እታለም_ሻርጃ

ካርድ_ከፒያሳ፣ ለእናቴ ስልክ ብልክልህ ታዘጋጅልኛለህ? ማንበብ አትችልም። ጎረቤት ሳትጠራ ራሷ እንድታነሳ ነው የምፈልገው።

ካርድ_ከፒያሳ

ከዚያ አትላኪ፣ እዚሁ እናግኝላት፤ ስክሪኑ ቢሰበር እዚህ ዕቃው የሚገኝለት ይሁን። 4ጂ የሚይዝ፣ ባትሪው ትልቅ የሆነ፣ ሁለት ሲም። አንቺ ካለሽበት የሚሠራው ቦቲም ስለሆነ እሱን እጭንላታለሁ፤ ፎቶሽን ላኪልኝና ከፊት ገጹ ላይ አንቺን ብቻ አስቀምጣለሁ፣ ፎቶሽን ስትነካ ይደውላል። ሌላውን ሁሉ እደብቀዋለሁ። የድሮ ሲሟን አናወጣውም፤ መደበኛው ጥሪም እንደነበረ ይቆይ።

ስለ ዳታው፣ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ከግማሽ እስከ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው የሚበላው፤ 100 ሜጋባይት ከሰዓት ተኩል በላይ ያስወራችኋል። ቪዲዮ ከከፈታችሁ ግን በብዙ እጥፍ ይሄዳል፤ ፊቷን አይተሽ ቪዲዮውን ዝጊውና በድምፅ ቀጥሉ። ቪዲዮ በራሱ የሚጫወት ነገር ሁሉ አጠፋባታለሁ፤ የብዙ እናቶችን ጥቅል የሚጨርሰው እሱ ነው እንጂ ጥሪው አይደለም።

እታለም_ሻርጃ

የኔ ዓለም፣ አላህ ይስጥህ። ዋጋውን በውስጥ ጻፍልኝ። ከደሴ ደጋን ማን ያደርስልኛል?

የሀረጎ_ሾፌር

ኮምቦልቻ ድረስ እኔ አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ የባቲ መስመር የሚሠራ ወንድም አለኝ፣ በደጋን ነው የሚያልፈው። ሲዘጋጅ እዚሁ ጻፍልኝ ካርድ_ከፒያሳ፤ ብቻ በቀጥታ ደውልልኝ ካልክ ቁጥሬን በውስጥ እልክልሃለሁ፣ ኢሞ የለኝም።